ጅማ፦ አልተነገረም

አባቴ ከሂሳብ ሠራተኛነት ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየምሽቱ የሚሞሉት ደብተር አላቸው። አሁን የያዙት አምስተኛው ሲሆን፣ ያለቁት አራቱ በላስቲክ ተጠቅልለው ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ ተሰምሮ በአራት ዓምድ ተከፍሏል፤ ቀን፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ምርመራ። ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚሉት የጅማ ከተማ የሙቀት መጠን ናቸው፤ የሚሞሉትም ከምሽቱ የቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ መረጃ ነው። ምርመራ የሚለው ዓምድ ግን የራሳቸው ነው። «ካፊያ»፣ «ጉም እስከ 3 ሰዓት»፣ «የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ»፣ «ቡናው አበበ»፣ አልፎ አልፎም «መብራት ስለሌለ አልሰማሁም» ይላል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ገንዘብ ሲመዘግቡ ኖረው በእርጅናቸው ሰማዩን መመዝገብ የጀመሩ ይመስለኛል። ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ባዶ የተተወ ረድፍ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

ከ2016 ዓ.ም. መስከረም ወዲህ በዚያ ዓምድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቃል «አልተነገረም» የሚለው ነው። መብራት ጠፍቶ፣ ዲሹ ተበላሽቶ ወይም እሳቸው እንቅልፍ ጥሏቸው ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን ይጽፉት ነበር። ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ እሳቸውም እስክሪብቷቸውን ይዘው ተቀምጠው፣ ፕሮግራሙም ቀርቦ፣ ጅማ ግን ሳትጠራ ያለፈችባቸው ምሽቶች ናቸው።

ጣቢያውን በስም አልጠራውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ ነገሩም በአንድ ጣቢያ ብቻ የሚቆም አይመስለኝም። ጣቢያው በ2016 አቀራረቡን ከመለወጡ በፊት የአየር ሁኔታው መረጃ ከዜናው ቀጥሎ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 አካባቢ ይጀምርና አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይ ነበር። አቀራረቡ ምንም ጌጥ አልነበረውም። ሙሉ ልብስ የለበሰ ረጋ ያለ ሰው ካርታ ፊት ይቆማል፤ በመጀመሪያ ያለፉት 24 ሰዓታት እንዴት እንደነበሩ ይናገራል፤ ከዚያም የነገውን ትንበያ በየዞኑ እየጠራ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም ከሠላሳ የሚበልጡ ከተሞችን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አንድ በአንድ ያነባል። ለማያስፈልገው ሰው እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር እንደነበረ አልክድም። በእኛ ቤት ግን ያ ንባብ ሥርዓት ነበረው። እናቴ በሕይወት ሳሉ አቅራቢው «ከኦሮሚያ ሁሉም የወለጋ ዞኖች» ሲል ከጓዳ ሆነው «እስቲ ዝም በሉ፣ ወለጋ ደርሷል» ይሉ ነበር። ከወለጋ በኋላ ኢሉ አባ ቦር፣ ቡኖ በደሌና ጅማ እንደሚከተሉ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ለሃያ ሰከንድ ያህል ማንም አይተነፍስም፤ ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል።

የትንበያው ቋንቋ በራሱ መማርን ይጠይቃል። «በጥቂት ስፍራዎች»፣ «በአንዳንድ ስፍራዎች»፣ «በብዙ ስፍራዎች»፣ «በአብዛኛው ስፍራዎች» የሚሉት አባባሎች ለአዲስ ሰው አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፤ ብዙ ሰውም ተንባዩ ከኃላፊነት ለመሸሽ የሚደረድራቸው ይመስለዋል። ለአባቴ ግን መሰላል ናቸው። «በጥቂት ስፍራዎች» ከተባለ ማሳቸው ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና በወትሮው ስስ መሸፈኛ ብቻ ያድራል። «በአንዳንድ ስፍራዎች» ከተባለ ሸራው ከመጋዘን ወጥቶ ከአልጋው ሥር ይቀመጣል። «በብዙ» ከተባለ የማሳው ጥበቃ ከመተኛቱ በፊት ሸራውን ዘርግቶ በድንጋይ ያስረግጣል። ይህን ደንብ ማንም አላስተማራቸውም፤ ከአራት ደብተር የወጣ ነው።

እዚህ ላይ ጅማን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት አለብኝ፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁና ማስረዳት ስጀምር ማቆም ቢያስቸግረኝ ይቅርታ ይደረግልኝ። የሀገራችን የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በጎጃም ወይም በሸዋ የሚኖር ገበሬ በጋ ሲባል ደረቅ ወቅት ማለት እንደሆነ በአብዛኛው አይሳሳትም፤ እህሉን አጭዶ፣ ከምሮ፣ አውድማ ላይ ሊያበራይ ይችላል። በደቡብ ምዕራብ ግን ዝናቡ ቶሎ ይገባል፣ ዘግይቶም ይወጣል። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የጀመረው እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ አንዳንድ ዓመትም ኅዳርን ይነካል። ከባህር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኘው ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች። የቡና ለቀማ ደግሞ የሚውለው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ቡናችንን የምናደርቀው እንግዲህ ዝናቡ ወጣ አልወጣ በሚባልበት፣ በሁለቱ መካከል ባለችው ጠባብ በር ነው።

ቀይ እሸት ቡና ሳይታጠብ ከነልጣጩ በወንፊት አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ፣ ጀንፈል እስኪሆን ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ደረቀ የሚባለው ከውስጡ ያለው እርጥበት ወደ 12 ከመቶ አካባቢ ሲወርድ ነው፤ ማሳያ መሣሪያ የሌለው ሰው ግን በጆሮው ያውቀዋል። አንድ እፍኝ ዘግኖ ጆሮው አጠገብ ሲነቀንቀው ፍሬው ከልጣጩ ውስጥ ተላቆ ይንቋቋል። አባቴ ይህን ሲያደርጉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወደዚያ ድምፅ ሊደርስ የተቃረበ ቡና ዝናብ ቢያገኘው ወደ መጀመሪያው ቢመለስ ምንኛ ጥሩ ነበር፤ ይሻግታል፣ ይኮመጥጣል፣ ጠረኑም ፍሬው ውስጥ ይቀራል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። አንድ ሜትር ወርድና አሥር ሜትር ርዝመት ባለው አልጋ ላይ 12 ሚሊሜትር ቢዘንብ 120 ሊትር ውሃ ነው፤ በስድስት ጀሪካን ተሸክሞ ቡናው ላይ እንደማፍሰስ ያህል።

በ2016 አዲስ ዓመት ጣቢያው «አዲስ ገጽታ» ይዞ እንደሚመጣ ለሳምንታት ሲያስተዋውቅ ሰነበተ። እኛም ወደድነው፤ የአየር ሁኔታ ካርታው ለዓመታት ጅማን ከቦታዋ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አድርጎ ያሳይ ስለነበር ይስተካከላል ብዬ እኔ በተለይ ደስ ብሎኝ ነበር። ስቱዲዮው በእርግጥ ያምራል። ወለሉ ያንጸባርቃል፤ ካርታው ይሽከረከራል፤ ደመናው በአቅራቢዋ ትከሻ ላይ ያልፋል። አሥሩ ደቂቃ ግን ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ሆኗል፤ ከዚያችም ላይ በመግቢያና በመውጫ የስፖንሰሩ ስም ይነበባል። በቀረው ጊዜ አዲስ አበባና የክልል መቀመጫ ከተሞች ይጠራሉ። ጅማ የዞን ከተማ ነች፤ ስለዚህ አትጠራም። የሚቀርብበት ሰዓትም አይታወቅም፤ አንድ ቀን ከስፖርት በፊት፣ ሌላ ቀን ከስፖርት በኋላ፣ የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይቀርብም።

የተረፈው ጊዜ ባክኖ አልቀረም። ስለ ውጭ ሀገር ማዕበልና አውሎ ነፋስ የሚተርክ፣ በአማርኛ ድምፅ የተሰጠው ተከታታይ ፕሮግራም ገባበት። የመጀመሪያውን ክፍል አባቴ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። የቤት ጣሪያ ሲነቀል፣ መኪና እንደ ቆርኪ ሲንሳፈፍ፣ ሰዎች በጀልባ ሲወጡ አየን። ሲያልቅ መነጽራቸውን አውልቀው «ደግ ነው፣ እግዚአብሔር ያውጣቸው፤ ጅማ ግን ስንት ሆነች?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን «አልተነገረም» የጻፉት በዚያ ምሽት ነው።

አንድ ትንሽ ነገር ካላነሳሁ ያንቀኛል። አዲሷ አቅራቢ «የነገው የአየር ንብረት» ትላለች። የአየር ሁኔታ የዛሬና የነገ ነው፤ የአየር ንብረት የሚባለው የረጅም ዘመን፣ በተለምዶ የሠላሳ ዓመት አማካይ ነው። የነገ የአየር ንብረት የሚባል ነገር የለም። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢስተው ከፈተና ወረቀቱ ላይ ነጥብ አጎድላለሁ፤ በቴሌቪዥን ሲባል ግን የማጎድለው ነገር የለኝም፤ ቡናዬን ብቻ ፉት እላለሁ።

አሁን ወደ አንድ ሌሊት ልምጣ። አባቴ ከአያቴ የወረሱት ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የቡና ማሳ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ፣ ማና ወረዳ ውስጥ አላቸው። ማሳው ላይ አራት የማድረቂያ አልጋና አንዲት የጥበቃ ጎጆ አለች። የዓመታት ልማዳቸው የአየር ሁኔታው እንዳለቀ ለጥበቃው መደወል ነው። ንግግራቸው አጭር ነው፤ «ክደነው» ወይም «ተወው»። አጎራባች ማሳ ያላቸው አዛውንትም ጥበቃውን «ምን አሉ?» ብለው ጠይቀው የራሳቸውን ያከናውናሉ። እንዲያ እንዲያ እያለ አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ለአራትና ለአምስት ማሳ ይተርፍ ነበር።

በኅዳር 2016 አንድ ምሽት አባቴ ጅማን ሲጠብቁ አመሹ። ዜናው አለቀ፤ ማስታወቂያ ሆነ፤ ስፖርት ሆነ፤ ሁለት ደቂቃዋ መጥታ አለፈች፤ ጅማ የለችም። ምናልባት በኋላ ይደግሙት ይሆናል ብለው ጠበቁ። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሙዚቃ ሲጀምር ሶፋው ላይ እንዳሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብርድ ልብስ አለበስኳቸው እንጂ አልቀሰቀስኳቸውም። ጥበቃው በበኩሉ ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ጥሪ ሲጠብቅ አምሽቷል። በማግሥቱ «ካልደወሉማ ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ» አለን። ደጋግሜ ሳስበው እሱ የሠራው ስህተት አይታየኝም። ለዓመታት ዝምታ ማለት «ምንም የለም» ማለት ነበርና ዝምታውን በለመደው መንገድ ተረጎመው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ የቤታችን ቆርቆሮ ሲንጫጫ ነቃሁ። አባቴ ጨለማው ውስጥ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። «ማና አይደርስ ይሆናል» አልኳቸው። አልመለሱልኝም።

ደርሶ ነበር። ጠዋት በሚኒባስ ስንሄድ መንገዱ ዳር ያለው ቦይ ሁሉ ቀይ ውሃ ይወርድበታል። ከአራቱ አልጋዎች በሦስቱ ላይ የነበረው ቡና ለመድረቅ ጥቂት ቀን የቀረው ነበር። አባቴ ከመጀመሪያው አልጋ አንድ እፍኝ ዘገኑ፤ እንደ ልማዳቸው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁት። ድምፅ የለውም። ልጣጩ አብጦ ለስልሷል፤ ጣታቸው መካከል ሲጨምቁት ቡናማ ውሃ ወረደ። ፀሐይ ሲወጣ ቡናው መጭስ ጀመረ፤ ከሩቅ ለሚያየው ያምራል። እያገላበጥን፣ እያሳሳን፣ በጨርቅ እያበስን ሦስት ቀን ታገልን። በአራተኛው ቀን ነጭ ነገር ብቅ አለበት። ሊገዛ የመጣው ሰው እጁን ከቶ አወጣ፣ መዳፉን አሸተተ፣ ቡናውንም ሳይመዝን ዋጋውን ቆረጠ። ስንት እንደጎደለን አባቴ ያውቃሉ፤ ምርመራው ዓምድ ላይ ግን ያ ሳምንት «ዝናብ» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለበትም።

ለነገሩ ፍትሐዊ ለመሆን ልሞክር። የበጋ ዝናብ ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ያ ዓመት የኤልኒኞ ዓመት ነበር፤ የሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ የእኛ ክረምት እንደሚዳከም፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ የሀገራችን ክፍል ደግሞ የበጋው ዝናብ ሊበረታ እንደሚችል በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ። በዚያው ወቅት በሶማሌ ክልል ጎርፍ ብዙ ሰው ማፈናቀሉን በዜና ሰምቻለሁ። ሰምቼም ከራሴ አራት አልጋ ጋር አላገናኘሁትም። ደግሞም ትንበያ ይስታል፤ በአራቱ ደብተሮች ውስጥ «ዝናብ ተብሎ ነበር፣ አልዘነበም» የሚል ብዙ ረድፍ አለ። ያ ምሽት አሥር ደቂቃው ቢኖር ኖሮ ጅማ የግድ ትነሳ ነበር፣ ቡናውም ይድን ነበር ብዬ መማል አልችልም። መማል የምችለው ስልኩ ይደወል እንደነበር ነው። በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ፈልጌ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ እንደሚጠበቅ የሚናገረውን የአሥር ቀን ትንበያ አገኘሁት። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። የተቆረጠው ከእነሱ እስከ አባቴ ሶፋ ያለው መስመር ነው።

ወደ ጣቢያው ደወልኩ። ሁለት ቀን ሞክሬ በሦስተኛው አንዲት ትሁት ልጅ አነሳችልኝ። ነገሩን በጥሞና ሰማችኝ፤ ቡናው መበላሸቱን ስነግራት ከልቧ አዘነች። ከዚያ «እህቴ፣ እኛም ተቸግረን እኮ ነው፤ የአየር ሁኔታ ሲጀምር ተመልካቹ ይቀይራል፤ ተጠንቶ የተወሰነ ነው» አለችኝ። ጥናቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን የእኛ ቤት በዚያ ጥናት ውስጥ ቢገባ ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ አሰብኩ። አባቴ ቴሌቪዥኑን የሚከፍቱት ለዜናውና ለአየር ሁኔታው ነው፤ ጅማ እንደተጠራች፣ ድራማው ሳይጀምር፣ ያጠፉታል። እሳቸውን የመሰለ ታማኝ ተመልካች ጣቢያው የለውም፤ በቆጠራው ግን ጥሎ የሚሄድ ሰው ናቸው። ይህን ልነግራት ሞከርኩ። «አስተያየትዎን አስተላልፋለሁ» አለች፤ ያስተላለፈችም ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር በሌላ ሀገር ደርሶ ያውቅ እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ። ትልቁ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። «ዘ ዌዘር ቻናል» የሚባለው፣ ቀንና ሌሊት የአየር ሁኔታ ብቻ የሚያቀርብ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1982 ነው። ጆን ኮልማን የተባለ የቴሌቪዥን የአየር ሁኔታ አቅራቢ ሐሳቡን አመጣ፣ ፍራንክ ባተን የሚመራው ኩባንያ ገንዘቡን አወጣ። በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ደመና ማን ያያል ተብሎ ብዙ ተቀልዶበታል። ጣቢያውን ያጸናው ግን ቀልደኞቹ ያላዩት ነገር ነው። በየከተማው ባለው የኬብል ድርጅት ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ተተከለ፤ መረጃው በሳተላይት ይመጣለታል፤ ኮምፒውተሩ የዚያን አካባቢ ብቻ ለይቶ ስክሪኑ ላይ ይጽፈዋል። ሥርጭቱ ለሀገሩ ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ከተማ ስም ያያል ማለት ነው። በኋላ ሰዓቱም ቁርጥ ሆነ፤ የአካባቢው ትንበያ መጨረሻቸው 8 በሆኑ ደቂቃዎች፣ ማለትም በ8፣ በ18፣ በ28 እያለ በሰዓት ስድስት ጊዜ ይመጣል። ሰው ጫማውን እያሰረ፣ ልጁን እያለበሰ ይጠብቀዋል። የእናቴን «ወለጋ ደርሷል» የሚመስል ነገር በየቤቱ እንደነበረ አልጠራጠርም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጣቢያው 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ ለትልልቅ ባለሀብቶች ተሸጠ። በቀጣዩ ዓመት ዓርብ ማታ ፊልም ማሳየት ጀመረ። ቀስ በቀስም ስለ ከበሩ ማዕድናት ፈላጊዎች፣ ስለ ነፍስ አድን ሠራተኞችና ስለ ከባድ መኪና ጎታቾች የሚተርኩ ፕሮግራሞች የምሽቱን ሰዓት ያዙ። የአየር ሁኔታ ፈልጎ የከፈተ ሰው ማዕድን ፈላጊ ያገኛል። ቅሬታው ሲጠራቀም ቆይቶ እ.ኤ.አ. ጥር 2014 ላይ በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ፈነዳ፤ ዲሬክቲቪ የተባለው፣ 20 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች የነበሩት የሳተላይት ቴሌቪዥን አቅራቢ ጣቢያውን ከዝርዝሩ አወጣው። ጣቢያው የሰው ሕይወት የሚያድን አገልግሎት ነኝ ብሎ ሕዝቡን ለአቤቱታ ጠራ፤ አቅራቢው ደግሞ ተመልካቾች የሰለቹት የአየር ሁኔታ ያልሆነውን ነገር ነው ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። በሚያዝያ ሲታረቁ ከስምምነቱ አንዱ በሥራ ቀናት የዚያ ዓይነቱ ፕሮግራም በግማሽ እንዲቀንስ ነበር።

ይህን ሳነብ ቀናሁ ብል አላፍርም። እዚያ ተመልካቹ ቢያንስ የሚከፍለው ወርኃዊ ሂሳብ ስለነበረው ቅሬታው በሦስት ወር ውስጥ ከገንዘብ ጋር ተያይዞ ተሰማ። የእኛ ዲሽ አንዴ ከተሰቀለ በኋላ በነፃ ይቀበላል፤ ለማንም የምንከለክለው ነገር የለንም። የሚከፍለው ስፖንሰሩ ነው፤ ስፖንሰሩ ደግሞ የሚሸጠው ለስላሳ መጠጥ ነው፤ ለለስላሳ መጠጥ ማና ላይ ዘነበ አልዘነበ ምኑ ነው።

«ስልክ አለ አይደል?» የሚሉኝ አሉ፤ ከእነሱም አንዱ የራሴ ልጅ ነው። ለአያቱ መተግበሪያ ጭኖላቸዋል። ፀሐይና ደመና ይሥላል፤ ከሥሩ «40 ከመቶ» ይላል። አባቴ ለብዙ ቀን አዩትና «ከመቶው አርባ እጅ የሚዘንበው የት ነው? ሰዓቱ ነው፣ ቦታው ነው፣ ዕድሉ ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዕድሉን ነው ብዬ አስረዳኋቸው፤ እሳቸው ግን ከአርባ ከመቶ ወደ ሸራ የሚወስድ መሰላል ገና አልሠሩም፤ ለመሥራትም ሌላ አራት ደብተር ያስፈልጋቸዋል። ኔትወርኩ የሚቋረጥባቸው ቀኖችም አሉ። ከሁሉ በላይ ግን ስልኩ የሚናገረው ሲጠይቁት ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ሳይጠየቅ፣ በሰዓቱ፣ ለጎረቤቱም ለእኛም እኩል ይናገር ነበር፤ በማግሥቱ ሂርማታ ገበያ የተገናኘ ሰው ሁሉ «ዛሬ ይዘንባል ብሏል እኮ» ሲል ማን እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ባለፈው ዓመት ከሱቅ አንድ ቴርሞሜትር ገዝቼ አመጣሁላቸው። በረንዳው ላይ፣ ፀሐይ በማይነካው ጥግ ሰቀልነው። የዝናብ መለኪያም ከተማሪዎቼ ጋር ከውሃ ፕላስቲክ ሠራን፤ አንገቱን ቆርጦ ገልብጦ እንደ ማጥለያ መክተት፣ ጎኑ ላይ በማስመሪያ ሚሊሜትር ማስመር ነው። ታችኛው ክፍል ወጣ ገባ ስለሆነ እስከ ዜሮው መስመር ድረስ አስቀድሞ ውሃ መሙላት ያስፈልጋል፤ ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ደረሱበት። የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንደሚነበቡ ለአባቴ ነገርኳቸው። እኔ እንደ ዋዛ ነበር የነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ 3 ሰዓት ሲሆን ቁርስ ላይ ቢሆኑም ይነሳሉ። አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ስላለፈባቸው ምርመራው ላይ «3፡10 ተነበበ» ብለው ጽፈዋል።

የሙቀት ቁጥሩን ግን «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» በሚሉት ዓምዶች ውስጥ አያስገቡትም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ያ የእነሱ ነው» አሉኝ። ማስመሪያቸውን አምጥተው ከምርመራው በስተቀኝ፣ ገጹ ዳር ላይ፣ ጠበብ ያለ አምስተኛ ዓምድ አሰመሩ፤ ርእሱንም «በቤታችን» አሉት። ጥበቃውም አሁን ተደውሎለት ካላደረ ሸራውን ዘርግቶ ነው የሚተኛው፤ ዝምታን በአዲስ መንገድ እንዲተረጉም ተስማምተናል።

ትናንት ማታ ዜናው 2 ሰዓት ከ50 ላይ አለቀ። መጠጡ ተዋወቀ፤ ካርታው ተሽከረከረ፤ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ተጠሩ። ከሐዋሳ በኋላ አባቴ እስክሪብቷቸውን ከፍ አድርገው ትንሽ ጠበቁ። ሙዚቃው ገባ። ከፍተኛ፣ ባዶ። ዝቅተኛ፣ ባዶ። ምርመራ፣ አልተነገረም። በቤታችን፣ 26 እና 13፤ ዝናብ 4 ሚሊሜትር።